ዋዛና ቁም ነገር

ከጥቂት ወራት ወዲህ በግቢያችን አንድ አዲስ ጨዋታ ገብቷል። ቅዳሜ ማታ ከራት በኋላ በማደሪያ ቤቶቹ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ አምስት ስድስት ተማሪዎች አንዲት ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው፣ አንዱ ሲተርክ ሌሎቹ ተራ በተራ «እኔ በሩን አንኳኳለሁ»፣ «እኔ ወንዙን እሻገራለሁ»፣ «እኔ ሽማግሌውን እጠይቃለሁ» ሲሉ ይሰማል። በጠረጴዛው ላይ ካርታም ገንዘብም የለም። ያለው እርሳስ፣ ወረቀትና አንድ ጣሳ ነው። በጣሳው ውስጥ ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈባቸው የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉ። የጨዋታው ሕግ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጠይቃል፤ እኛ ግን እርሱን ስላላገኘን እንደ አገራችን ልማድ ዕጣ እናወጣለን።

ጨዋታው በፈረንጅኛው «ሮል ፕሌይንግ» ይባላል። አንዱ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ ይኸውም አገሩን፣ መንገዱን፣ ገበያውን፣ አውሬውንና የአገሩን ሰዎች አስቀድሞ አስቦና ጽፎ የሚመጣው እርሱ ነው ማለት ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፤ በዚያ ሰው እጅ ይሠራሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን፣ ለምሳሌ ገደሉን መዝለል ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ከጣሳው ዕጣ ይወጣል። አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም። ታሪኩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ መኝታው ይሄዳል።

ስለዚህ ጨዋታ ለዝግጅት ክፍላችን ሁለት ዐይነት አቤቱታ ደርሶናል። አንደኛው «ፈተና በደረሰበት፣ ተመርቆ ሥራ ማግኘት ጭንቅ በሆነበት ዘመን፣ ስለ ዘንዶና ስለ ጠንቋይ ማውራት የዋዘኛ ሥራ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ጨዋታው ራሱ ጥንቆላ እንዳይሆን የሚሠጋ ነው። ለሁለተኛው መልሱ አጭር ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዲህ ያለ ሥጋት ተነሥቶ አያሌ ወላጆችና ሰባኪዎች ጨዋታውን አውግዘውት ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያው አገር በብዙ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ይጫወቱታል። በጠረጴዛችን ላይ የሚጠራ መንፈስ የለም። ያለው ተረት ነው፤ ተረትን ደግሞ አያቶቻችን አልከለከሉንም። ለመጀመሪያው አቤቱታ ግን መልሳችን ሰፋ ያለ ነው። ምክንያቱም ይህ ጋዜጣ ጨዋታው ዋዛ ነው ብሎ አያምንም፤ እንዲያውም ቁም ነገርነቱን ሳናስተውል በዋዛ ይዘነው ሰው አስቀይመናል። ያስቀየምሁትም እኔ፣ የዚህ ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊ ነኝ።

አስቀድሜ ጨዋታው ከወዴት እንደ መጣ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ወጣት ለጓደኞቹ አንድ የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። ጦርነቱ በናፖሌዎን ዘመን፣ ብራውንስታይን በተባለች የፈጠራ ከተማ አጠገብ የሚደረግ ነበር። የጦር አዛዥነት ለሁሉም ስለማይዳረስ፣ ለቀሩት ተጫዋቾች የከተማዋን ከንቲባነት፣ የባንክ ባለቤትነትን፣ የዩኒቨርሲቲ ኀላፊነትን አደላቸው። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቾቹ ጦርነቱን ትተው እርስ በርሳቸው መማከር፣ መደራደርና መሸዋወድ ያዙ። ያ ሁሉ የተደከመበት ጦርነት በወጉ ሳይደረግ መሸ። ዌስሊ ዝግጅቴ ከሸፈ ብሎ አዘነ፤ ጓደኞቹ ግን ድገምልን ብለው ለመኑት። ከእነርሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረ ወጣት ነበር። እርሱ ዐሳቡን ወስዶ ብላክሙር የተባለ የተረት አገር ፈጠረ፤ በኋላም ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ ያዘጋጁት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። እንግዲህ ጨዋታው የተወለደው አዘጋጁ ካሰበው ነገር አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ሰው ሆነው እንዲናገሩ ቦታ ስላገኙ ነው።

ሆኖም ነገሩን ከሚኒሶታ መበደር አያስፈልገንም ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ቤተ ሰቦቼ ወደ ገነተ ማርያም ሄጄ ሳለሁ፣ አንድ ማታ በዝናብ መብራት ጠፍቶብን ታናናሾቼ እንቆቅልሽ ይዘው ተቀመጡ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው መልሱን ካጣ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው አንድ ከተማ ይሰጣል። ጠያቂው ከተማዪቱን ከናቃት አልቀበልም ብሎ ሌላ ያስመርጣል፤ ከተቀበላት ደግሞ እንደ ሹም ገብቶባት ያየውን ድግስና ያገኘውን ክብር እየዘረዘረ ተሸናፊውን ይወርፈዋል። የስምንት ዓመቷ እኅቴ መጀመሪያ ባምባሲን ሰጠች፤ ወንድሟ «አነሰኝ» አለ፤ አሶሳን ጨመረችለት። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ያለ መጽሐፍና ያለ ዳይስ አገር ሲሰጣጡ፣ ሲሾሙና ሲሻሩ አየሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እኅቴ ተሰደበች እንጂ የባምባሲ ሰው አልተሰደበም። የባምባሲ ሰው በዚያ ማታ ያደረገው ነገር ቢኖር ድግስ መደገስ ብቻ ነው።

እኔ ይህን አይቼ ሳልማርበት ቀረሁ። በዚህ ዓመት አጫዋች የመሆን ተራው ሲደርሰኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፍሁ። ሠላሳ ገጽ ሞላኝ። መንገዱ የት እንደሚታጠፍ፣ ተጫዋቾቹ በየትኛው በር እንደሚገቡ፣ በመጨረሻ ምን ብለው እንደሚደሰቱ ሳይቀር ጽፌ ነበር። ጠላትም ያስፈልገኛል ብዬ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ «የጫካ ሰዎች» ፈጠርሁ። በተፈጥሯቸው ጨካኞች፣ በተፈጥሯቸው ሌቦች አደረግኋቸው። መልካቸውን፣ መሣሪያቸውንና የሚበሉትን ስጽፍ ግን ከራሴ አላፈለቅሁም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ አንድ የክልላችን ሕዝብ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትን ነው ስሙን ለውጬ የገለበጥሁት። ምን እያደረግሁ እንደ ሆነ አላስተዋልሁም ብል አታምኑኝ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

በጨዋታው ማታ ከተጫዋቾቹ አንዱ ከዚያው ሕዝብ የተወለደ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። የሲራራ ነጋዴዎች ጠባቂ የሆነ ጎበዝ ፈጥሮ መጥቷል። የጫካ ሰዎቹ ብቅ ባሉ ጊዜ ከጣሳው ዕጣ አወጣ፤ ሳይፈታው ጥቂት ይዞት ቆየና መልሶ ከተተው። «እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁላችንም ሣቅን፤ እርሱ ግን አልሣቀም። ተነሥቶ ወጣ። በማግሥቱ ሻይ ቤት አግኝቼው «ወንድሜ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ብለው፣ «ያልጻፍኸው ስማችንን ብቻ ነው» አለኝ። ሻዩንም ሳይጨርስ ሄደ።

ጨዋታ እኮ ነው! ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በካማሺና በመተከል ዞኖች የደረሰውን እልቂትና መፈናቀል የማያውቅ በመካከላችን የለም። ብዙ ሰው ሞቷል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ከምናጠናባቸው ወንበሮች በአንዱ ላይ ወላጁን ያጣ፣ በሌላው ላይ ቤቱ የተቃጠለበት ተማሪ ይቀመጣል። ያ ሁሉ የመጣው ከተረትና ከጨዋታ ነው ብለን አንዋሽም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እርሱን መመርመርም የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ነገር ግን አንድን ሕዝብ «በተፈጥሮው እንዲህ ነው» ብሎ የሚደመድም ዐረፍተ ነገር፣ በጨዋታ ቢነገር በቁም ነገር ቢነገር፣ ያው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ ስንለማመደው የከረምነውን ሰኞ ጧት አንረሳውም።

ስሕተቱ በእኔ የተጀመረ አይደለም፤ ጨዋታውም የቆየ ሕመም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመው መጽሐፍ ድንክ የሆነ ገጸ ባሕርይ ተዋጊ ከመሆን በቀር ሌላ ሞያ አይፈቀድለትም፤ ተዋጊነቱም ከስድስተኛ ደረጃ አይዘልም ነበር። በኋላ በወጡት መጻሕፍትም ኦርክ የሚባሉት ፍጡሮች በጅምላ ክፉዎች ተብለው ተመዘገቡ። አሳታሚዎቹ ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ2020 ቃል ገቡ፤ በ2024 ባወጡት አዲስ የሕግ መጽሐፍም «ዘር» የሚለውን ቃል አንሥተው በ«ዝርያ» ተኩት። የአንድ ገጸ ባሕርይ ጉልበት ወይም ዕውቀት ጭማሪ የሚያገኘውም ከተወለደበት ወገን መሆኑ ቀርቶ ካሳለፈው ኑሮና ከሠራው ሥራ እንዲሆን ደነገጉ። ሃምሳ ዓመት ፈጀባቸው። እኛ ሃምሳ ዓመት የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም።

ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታውን ከመስጠቱ በፊት «በሚመጣው ቅዳሜ እኔ ላጫውት» አለ። መጣም። በእጁ የያዘው አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነበር።

በክልላችን ቀርከሃ ቤት ነው፤ አጥር ነው፤ ቅርጫት ነው፤ ለጋ ቡቃያውም ይበላል። የቆላው ቀርከሃ አሥርት ዓመታት ኖሮ ከዕለታት አንድ ቀን ጫካው በጅምላ ያብባል፤ ዘሩን ካራገፈ በኋላም ይደርቃል። የጓደኛዬ ተረት ቀርከሃው ስላበበበት ዓመት ነበር። አንዲት አሮጊት የጫካው ጠባቂ መንፈስ መሄዱ ነውና በሰላም እንሸኘው ይላሉ። አንድ ነጋዴ ሳይደርቅ በፊት ሁሉንም ቈርጦ ለመሸጥ ይፈልጋል፤ ዕዳ አለበት። አንድ ጎረምሳ ዘሩን ለቅሞ ለማቆየት ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል። ከወንዝ ማዶ ያሉትም ሰዎች የራሳቸው ጫካ ደርቆባቸው ዘር ሊለምኑ መጥተዋል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፤ ማን ትክክል እንደ ሆነ አልተጻፈም፤ መጨረሻውም አልተጻፈም። እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወትን። አንድም ሰይፍ አልተመዘዘም፤ ጣሳው ግን ፋታ አላገኘም። እኔ በቅሎ ነጂ ሆኜ ነበር የገባሁት። በመጨረሻ የዘሩን ጆንያ ጭኜ ለወንዝ ማዶ ሰዎች አደረስሁ። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ ማንም አልነበረም።

ከእኔ ሠላሳ ገጽና ከእርሱ አንድ ገጽ የተማርነውን፣ ለሚቀጥሉት አጫዋቾች ይጠቅም እንደ ሆነ፣ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ አጫዋች የሚያዘጋጀው ችግሩን እንጂ መፍትሔውን አይደለም። መጨረሻውን ጽፎ የመጣ አጫዋች ጓደኞቹን ተዋናይ እንጂ ተጫዋች አያደርጋቸውም። ዝግጅቱ ከአንድ ገጽ ከበለጠ፣ የበለጠው ክፍል የእነርሱ ድርሻ እንደ ነበረ ይወቅ።

ሁለተኛ፣ ለሚፈጠር ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይጻፍለት፤ ምን ይፈልጋል? ለማን ዕዳ አለበት? ምን ይፈራል? ብዙዎቻችን የምንፈጥረው ጀግና አባት የለው፣ እናት የለው፣ ከጫካ ብቅ ያለ ብቸኛ ነው። እንዲህ ያለው ለመጻፍ ይቀላል፤ የሚጠይቀው የለምና። በአገራችን ግን ሰው ያለ ዘመድ፣ ያለ ጎረቤት፣ ያለ ዕድር አይቆምም። እናት ያለችው ጀግና ከመዝመቱ በፊት ያስባል፤ ጨዋታው የሚጥመውም በዚያ ዐሳቡ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ባላጋራ ይኑር፤ ነገር ግን ባላጋራው ሰው ይሁን እንጂ ሕዝብ አይሁን፤ ምክንያትም ይኑረው። መለኪያው ቀላል ነው። የጻፍኸውን ያ ሕዝብ የወለደው ጓደኛህ አጠገብህ ተቀምጦ ሳለ ድምፅህን ሳትቀንስ ታነብበዋለህን? ካላነበብኸው ቅደደው።

አራተኛ፣ ስለ እኅቶቻችን። በእኛ ተረቶች ውስጥ እስከ ዛሬ ሴት የገባችው ወይ የምትጠለፍ ልጃገረድ ሆና፣ ወይ የምትዳር ሙሽራ ሆና ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ እኅቶቻችን ጥቂት መሆናቸውን ስናማርር ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ራሷን ለማስጠለፍ ቅዳሜ ማታ ጥናቷን ትታ የምትመጣ ማን ናት?

አምስተኛ፣ መነሻው ከደጃችን ይሁን። ያላየነውን ግንብና በረዶ ከመጽሐፍ ከምንገለብጥ ይልቅ አገራችንን እንመልከት። የቤንሻንጉል ወርቅ ዝናው ርቆ ስለ ተሰማ፣ የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በስተርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839፣ ራሱ እስከ ፋዞግሊ ተጉዟል። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደዚህ ምድር ዘምተዋል። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ከበርካታ ኀይሎች መካከል ቆመው አገር ገዝተዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወርቅ አጣቢ፣ ነጋዴ፣ መልእክተኛና አስተርጓሚ ሞልቷል። የባሪያ ንግድም አለበትና እርሱን የሚያነሣ ሰው ለሣቅ አያንሣው። ተረት ለሚሻ ደግሞ ደራሲዋ ኤልሳቤጥ ሌርድ በየክልሉ እየዞረች ካሰባሰበቻቸው የኢትዮጵያ ተረቶች መካከል የክልላችንም ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» የተባለው የሥዕል ታሪክም ባለ ልዩ ኀይል ጀግና አድርጎ ያቆመው ሥራ የሚፈልግ ወጣት ምሩቅ ነው። ጀግና ለመፍጠር ከአጠገባችን ካለው ኑሮ ርቆ መሄድ እንደማያስፈልግ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ረቂቅ አንብበው «ታዲያ ጨዋታው ዕርቅ ያመጣል ልትሉን ነው?» ብለው ጠየቁን። አንልም። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ቤት የሚሠራለት ጨዋታ የለም። እኛ የምንለው ከዚህ ያነሰ ነው። ሰው የሌላውን ሰው ፍላጎትና ፍርሃት አስቦ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእርሱ አፍ ለመናገር የሚሞክርበት ቦታ በግቢያችን ብዙ አይደለም። የተገኘውን አንዱን ቦታ እንደ እኔ እንዳናበላሸው ነው።

በበርታ ሕዝብ ዘንድ ዋዛ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ አለ። ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረዥም መለከት ነው። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፣ ብቻውን የሚነፋ ሰው ዜማ የለውም። ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ተሰልፈው እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ሲያስገባ ነው። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ማለት ነው። ጨዋታችንን ዋዛ ነው የሚሉን ሁሉ፣ በበርታው ዋዛ ቢሆን እንዴት ደስ ባለን!

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ቅዳሜ ማታ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት አንድ ክፍል ይፈቀድልን። አጫዋችነት በየሳምንቱ በተራ ይሁን፤ ተራውም ለሁሉም ይድረስ። ማንም ተጫዋች «ይቁም» ባለ ጊዜ ጨዋታው ይቁም፤ ስለምን አልህ ተብሎም አይጠየቅ። የተዘጋጁት ተረቶች አንድ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ። የቋንቋና የታሪክ መምህራኖቻችንም አንድ ቅዳሜ መጥተው ከጣሳው ዕጣ እንዲያወጡ በአክብሮት እንጋብዛለን። ከዚህ ዐሳብ የሚለይ ካለ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

በጣሳው ውስጥ ያሉት ወረቀቶች አርጅተው ቁጥራቸው ስለማይነበብ፣ ንጹሕ ወረቀት ያለው ይዞ ይምጣ። በሚመጣው ቅዳሜ የሚያጫውተው ያው ጓደኛዬ ነው። እኔም በቅሎዬን ይዤ እመጣለሁ።